ገቢር፣ ግብር እና ሴት አያት፦ ከጀርመን ወደ ኖርዌይኛ የገቡ ቃላት የት ይከፈላሉ? ጫናውስ የት ያርፋል?

(ይህ ንግግር ኦስሎ ውስጥ አማርኛ ተናጋሪዎች በተሰበሰቡበት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የቀረበ ነው። ከድምፅ ቅጂ ሲገለበጥ አነጋገሩ እንዳለ ተትቷል። የኖርዌይኛና የጀርመንኛ ቃላት በፊደላችን ተጽፈዋል። ሰረዝ ቀለሞችን፣ ማለትም የቃሉን የድምፅ ክፍሎች፣ ይለያል፤ ተናጋሪው ጠረጴዛ እየመታ ያሳየው፣ ጫና ያረፈበት ቀለም በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ገብቷል።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል? እሺ። እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ፣ ማንንም አስነስቼ አላስነብብም።

አባቶች፣ እናቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ ዛሬ ይዤ የመጣሁት አንዲት ትንሽ ቃል ነው። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ሳትወዷት ነው የምታውቋት። ሂሳብ ረስታችሁ ስታዘገዩ በሚመጣው ደብዳቤ ላይ አለች። ማመልከቻ ስታስገቡ አለች። መኪና በማይቆምበት ቦታ ስታቆሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ትጠብቃችኋለች። ገቢር! ክፍያ ማለት ነው።

ለመሆኑ መጀመሪያ ስትሰሟት «ግብር» የመሰላችሁ ስንት ናችሁ? (ሳቅ) እጅ አየሁ። አይፈረድባችሁም። ገ፣ በ፣ ረ፤ ፊደሉ አንድ፣ ውጤቱም አንድ፦ ገንዘብ ከኪስ ይወጣል። ግን ዝምድና የላቸውም። የእኛ ግብር «ገብረ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው፤ ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። የእነሱ ገቢር ደግሞ የጀርመኑ ገ-[ቢር] ነው፤ በዴንማርክኛ በኩል ዞሮ ኖርዌይ ገባ። ግብር ስትፈልጉ በኖርዌይኛ «ስካት» ነው። መገጣጠሙ እንዲሁ አጋጣሚ ነው፤ ግን ደግ አጋጣሚ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱን አስጠግተን ስንላቸው ልዩነቱ ይሰማል። ግብር በሉ። አሁን ገ-[ቢር] በሉ። ግብር ስትሉ የትኛውም ቀለም ላይ አልተጫናችሁም። ገቢር ላይ ግን «ገ» ትንሽ ነው፣ ፈዛዛ ነው፣ ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ «ቢ» ደግሞ ረጅም ነው፣ ሙሉ ነው፣ አናባቢው ይሳባል።

ያ ነው የዛሬው ጉዳይ። በሦስት ነጥብ ከፍየዋለሁ። አንደኛ፣ ቃሉ ስንት ቦታ ይከፈላል? ሁለተኛ፣ ጫናው የት ያርፋል፣ ለምንስ እዚያ ያርፋል? ሦስተኛ፣ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የቱ ጋ እንሰብረዋለን? ሁለተኛው ይረዝማል፤ ከአሁኑ ይቅርታ።

አንደኛው። ቀለም የምለው ምንድን ነው? ግጥም የምትጽፉ ታውቁታላችሁ። የወል ቤት ግጥም ስድስት ስድስት ቀለም ነው ስንል በጣታችን የምንቆጥረው ነው። በኖርዌይኛ አቆጣጠሩ ቀላል ነው፤ አናባቢ ቁጠሩ። አንድ አናባቢ፣ አንድ ቀለም። እንደ «ኤይ» ያለው ጥንድ አናባቢ እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ስለዚህ አር-ቤይ፣ ሥራ፣ ሁለት ቀለም ነው። ገ-ቢር ሁለት ነው። «ክፍያው» ለማለት መጨረሻው ላይ ሲጨመርበት ሦስት ይሆናል፦ ገ-[ቢ]-ረ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። መጨረሻ ላይ የተጻፈችው «ት» አትነበብም። «ር» ደግሞ ቤቷን ለቃ ወደሚቀጥለው ቀለም ሄደች፤ ቢር የነበረው ቢ-ረ ሆነ። ጫናው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ቃሉ ከኋላው ቢረዝምም ጫናው እዚያው «ቢ» ላይ ነው።

በጽሑፍ ቃል በመስመር ጫፍ ላይ ሲቆረጥ ሁለት ሕግ አለ። ቃሉ ከሁለት ቃል የተገጠመ ወይም ከፊቱ ቅጥያ ያለው ከሆነ መገጣጠሚያው ላይ ቁረጡ። ካልሆነ በሁለት አናባቢ መካከል ካሉት ተነባቢዎች የመጨረሻዋ ብቻ ወደሚቀጥለው መስመር ትውረድ። በቃ። ግን መጀመሪያ የቱ ሕግ እንደሚሠራ ለማወቅ የቃሉን አመጣጥ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ከዛሬው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙልኝ።

ሴት አያት በኖርዌይኛ ምንድን ነው? አዎ፣ [ቤስ]-ተ-ሙር። መወሰንስ? በ-[ስቴም]-መ። አሁን ወረቀት ላይ ጻፏቸው። የጻፋችሁ ሰዎች፣ ምን አያችሁ? የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፊደላት አንድ ናቸው! ስድስት ፊደል ሙሉ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱም ቀለም አይመሳሰልም። አያትየዋ «ቤስተ» እና «ሙር» ናት፤ ምርጥ እናት እንደማለት፤ ሁለት ቃል ተገጥሞ ነው። ስለዚህ የሚቆረጠው ቤስተ ካለ በኋላ ነው፤ ጫናው መጀመሪያው ላይ፣ አናባቢውም ጥርት ያለ «ኤ»። መወሰን ግን የጀርመን ቃል ነው፤ «በ» የምትባል ቅጥያ ከፊቱ አለች። የሚቆረጠው ከ«በ» በኋላ ነው፤ ጫናው ሁለተኛው ላይ፤ «በ» ደግሞ የእኛው «በ» ናት፣ በቤት፣ በመንገድ የምንላት። «ቤ» አይደለችም! ያው ፊደል አንዱ ጋ «ቤ» ሆኖ ይነበባል፤ አንዱ ጋ «በ»። ለምን? ጫና ስለወደቀበትና ስላልወደቀበት ነው እንጂ ፊደሉ አልተለወጠም።

ስለዚህ መዝገበ ቃላት ላይ የመቁረጫ ሰረዝ ስታዩ ጫና የሚነግራችሁ እንዳይመስላችሁ። ሰረዝ ወረቀት ለማሳመር ነው። ጫናው ሌላ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ጫና የምለው በአንድ ቃል ውስጥ አንዱ ቀለም በርትቶ፣ ረዝሞ፣ ዜማው ተለይቶ ሲወጣ ነው። ለእኛ ሰው ይህ ነገር እንግዳ ይመስላል፤ ግን የንባብ ቤት ያየ ሰው ከመካከላችሁ ካለ ይስቅብኛል። የግዕዝ ንባብ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እያለ ድምፁ የት እንደሚነሣ የት እንደሚወድቅ ለይቶ ያስተምር የለም? ተነሹን ወዳቂ አድርጎ ያነበበ ተማሪ የኔታ ዝም ይሉታል? አይሉትም! ኖርዌዮችም እንደዚያው ናቸው፤ ልዩነቱ የኔታ ያርማሉ፣ ኖርዌዮች ደግሞ በትሕትና «ምን አልክ?» ይላሉ።

አሁን ሕጉን ስሙኝ። ኖርዌይኛ በራሱ፣ ከጥንት ከአያት ቅድመ አያቱ ይዞት በመጣው ቃል፣ ጫናውን መጀመሪያው ቀለም ላይ ያሳርፋል። ያለምንም ማቅማማት መጀመሪያው ላይ። ታዲያ ሁለተኛው ላይ ሲያርፍ ምን ማለት ነው? ቃሉ እንግዳ ነው ማለት ነው። መታወቂያው ነው! በጣም ብዙ ጊዜ ደግሞ እንግዳው ከጀርመን ነው።

ከየት መጡ? በርገን የሄዳችሁ ብሪገን የሚባለውን የእንጨት ቤቶች ሰፈር አይታችኋል። የሐንሳ ነጋዴዎች፣ የሰሜን ጀርመን የወደብ ከተሞች ሰዎች፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1360 አካባቢ ጽሕፈት ቤታቸውን እዚያ ተከሉ፤ እስከ 1754 ቆየ። ደረቅ ዓሣ ይወስዳሉ፣ እህል ያመጣሉ። ወደ አራት መቶ ዓመት ሰው አብሮ ሲነግድ ዓሣና እህል ብቻ አይለዋወጥም። ቋንቋቸው የዛሬው የትምህርት ቤት ጀርመንኛ አልነበረም፤ የባሕር ዳርቻው፣ የቆላው ጀርመንኛ ነበር። ይህንን በድምፁ ማየት ትችላላችሁ፤ መክፈል በትምህርት ቤቱ ጀርመንኛ በ-[ትሳ]-ለን ነው፤ ኖርዌዮች ግን በ-[ታ]-ለ ይላሉ፤ «ት» እንዳለች ቀርታለች። የቆላው ጀርመንኛ «ት» ናት። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ማዕበል መጣ፦ ከሉተር ተሐድሶ ጋር የመጣ የመጽሐፍ ቋንቋ፣ የእጅ ባለሙያዎች፣ በ1624 ኮንግስበርግ ስትቆረቆር ለብር ማዕድኑ የመጡ ጀርመናውያን። እስከ 1814 ድረስ አገሪቱ ከዴንማርክ ጋር ስለነበረች ብዙው የገባው በዴንማርክኛ በኩል ነው።

እነዚህ ቃላት ሲገቡ ቅጥያቸውን ይዘው ገቡ። ቅጥያዎቹ አራት ናቸው፤ በሩ ላይ ቆማችሁ ለዩአቸው። «በ»፣ «ገ»፣ «ኤር» እና «ፎር»።

«በ» ያለበትን ታውቁታላችሁ። በ-[ታ]-ለ፣ መክፈል። በ-[ቪስ]፣ ማስረጃ። በ-[ዪን]-ነ፣ መጀመር። በ-[ግሩን]-ነል-ሰ፣ ምክንያት፤ የውሳኔ ደብዳቤ ሲመጣ ከውሳኔው ሥር ያለችው ርእስ ናት። በ-[ሼ]፣ መልእክት፤ ይህ የጀርመኑ በ-[ሻይት] ነው፤ ኖርዌዮች መጨረሻዋን «ድ» ይጽፏታል እንጂ አይሏትም። «ገ» ያለበት ጥቂት ነው፦ ገ-[ቢር]፣ ገ-[ቪንስት] ማለት ሽልማት ወይም ትርፍ፣ ገ-[ቬር] ጠመንጃ። «ኤር» ያለበት፦ ኤ-[ሽታት]-ኒንግ፣ ካሳ፤ ከኢንሹራንስ ጋር የተጨቃጨቀ ያውቃታል።

በእነዚህ በሦስቱ ቅጥያዎች ላይ ጫና አይወድቅም። በጭራሽ። ግን ተጠንቀቁ፤ በ«በ» የጀመረ ሁሉ ቅጥያ አለው ማለት አይደለም። [ቤድ]-ረ፣ የተሻለ፣ ቅጥያ የለውም። [ገን]-ሰር፣ ሹራብ፣ ቅጥያ የለውም። መፈተኛው ይኸው፦ የመጀመሪያዋን ክፍል አንሱና የቀረው ቃል ወይም የቃል ግንድ ይመስላል? ታለ ይመስላል፤ መናገር ማለት ነው። «ድረ» ግን ምንም አይደለም።

«ታለ»ን ካነሣን ዘንድ አንድ ረቂቅ ነገር ልጨምር። የኦስሎ ሰው «ታለ» ሲል ድምፁ ከፍ ብሎ ይጀምራል፣ ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ እንደገና ይነሣል። «በታለ» ሲል ግን «ታ» ዝቅ ብላ ትጀምርና ወደ ላይ ትወጣለች። ቅጥያዋ ጫና ባትወስድም ዜማውን ትለውጣለች ማለት ነው። ሁለቱ ዜማዎች ቃል ይለያሉ፤ ለዛሬ ግን ዜማው ቢያመልጣችሁም ሰው ይረዳችኋል። ጫናው ካመለጣችሁ ግን አይረዳችሁም። ቅደም ተከተሉን በዚህ ያዙት።

አሁን ወደ አስቸጋሪው። «ፎር»።

ጀርመኖች ሁለት ቅጥያ አላቸው። አንዷ «ፎር» ናት፣ ፊት፣ ቀድሞ ማለት፤ ጫና ትወስዳለች። ሌላዋ «ፌር» ናት፤ ጫና አትወስድም። ይጽፏቸዋልም ለይተው ነው። ኖርዌይኛ ሲገቡ ምን ሆነ? ሁለቱም «ፎር» ሆኑ! አንድ አጻጻፍ፣ ሁለት አነባበብ። ስሙ፦ ጥቅም፣ ብልጫ በጀርመን [ፎር]-ታይል ነው፤ በኖርዌይኛ [ፎር]-ዴል። ማከፋፈል በጀርመን ፌር-[ታይ]-ለን ነው፤ በኖርዌይኛ ፎር-[ዴ]-ለ። አለቃችሁ መጋዘን ውስጥ ሥራውን «እናከፋፍል» ሲል ፎር-[ዴ]-ለ ይላል። እናንተ [ፎር]-ዴ-ለ ብትሉት የሚሰማው «ጥቅም» ነው፤ ከዚያ ስለምን ጥቅም እንደምታወሩ ግራ ይገባዋል።

ሌላ ላምጣ። ምግብ ቤት ገብታችሁ ከዋናው ምግብ በፊት የሚቀርበው [ፎር]-ሬት ነው። ሱቅ፣ ንግድ ቤት ደግሞ ፎ-[ሬት]-ኒንግ። በመንገድ ላይ «ፎሬትኒንግ የት አለ?» ብላችሁ ጫናውን ፊት ብታደርጉት ሰውየው የራባችሁ ይመስለዋል። (ሳቅ)

ስለዚህ ጀርመንኛ የምታውቁ፣ በጀርመን ወይም በኦስትሪያ በኩል ያለፋችሁ፣ ደስ ይበላችሁ። «ፌር» ከነበረ ጫናው ሁለተኛው ላይ ነው፤ ፌር-[ሽቴ]-ኧን የነበረው፣ መረዳት፣ ፎ-[ሽቶ] ሆነ። «ፎር» ከነበረ መጀመሪያው ላይ ነው፤ [ፎር]-ሽላግ የነበረው፣ ሐሳብ ማቅረብ፣ [ፎሽ]-ላግ ሆነ። ወጣቶቹ ቤት ተሰብስበው ከመውጣታቸው በፊት የሚጠጡት [ፎር]-ሽፒልም እንደዚያው ነው፤ ፊት ነው፣ ጫናው ፊት ነው። ይህ ቃል በጀርመን አገር ሌላም ትርጉም አለው፤ ትልልቆች ስላሉ እሱን ልለፈው። (ሳቅ)

ግን ቶሎ አትደሰቱ። ይህ መለኪያ ለግስ ይሠራል፣ ለስም ይከዳችኋል። መከልከል ፎር-[ቢ] ነው፤ ክልከላ ግን [ፎር]-ቡድ። ጀርመን ክልከላን ፌር-[ቦት] ይላል፤ ሁለተኛው ላይ! ኖርዌይኛ ግን ስሙን ጎትቶ ወደ ራሱ ልማድ፣ ወደ መጀመሪያው ቀለም መለሰው። መከላከል ፎ-[ሽቫ]-ረ ነው፤ መከላከያ፣ ሠራዊቱም ጭምር፣ [ፎሽ]-ቫር ነው። አሳታሚ ድርጅት በጀርመን ፌር-[ላግ]፣ በኖርዌይ [ፎር]-ላግ። አያችሁ? ግሱ እንግዳ ሆኖ ቀረ፤ አጭሩ ስም ዜግነት ወሰደ። (ሳቅ) ሁሉም አጭር ስም አይደለም ታዲያ፤ ሙከራ የሚለው «ፎ» ብሎ የሚጀምር አጭር ስም ነው፣ ጫናው ግን ሁለተኛው ላይ ነው። ስለዚህ «ፎር» ያለበትን ስም አንድ በአንድ ከነጫናው አጥኑት። አቋራጭ የለውም፤ አለ የሚላችሁን አትመኑ።

የባሰም አለ። ይቅርታ የሚለው ቃል በጀርመን ኤንት-[ሹል]-ዲ-ገን ነው። ኖርዌይኛ ሲገባ [ኡን]-ሺል ሆነ፣ ፊቱ ላይ። ማማከር፣ «ይሻልሃል» ብሎ መጠቆም፣ [አን]-በ-ፋ-ለ ነው፤ «በ» መካከል ላይ ተቀምጣለች፣ እንደ ልማዷ ጫና አልወሰደችም፣ ግን ከፊቷ «አን» ገብታ ጫናውን ነጥቃለች። ሥራ ደግሞ በጀርመኑ [አር]-ባይት ነው፣ ፊቱ ላይ፤ ኖርዌይ ውስጥ ግን [አር]-ቤይ የሚሉም አሉ፣ አር-[ቤይ] የሚሉም አሉ። ሁለቱንም ትሰማላችሁ፤ የመጀመሪያውን ያዙ፣ ሁለተኛውን ስትሰሙ አትደንግጡ።

አንድ ጥያቄ ከዚያ በኩል ሰማሁ። «ታዲያ ሰፈራችን ሰዎች [ፖ]-ሊ-ቲ፣ [አ]-ቪስ ይላሉ፤ መምህሯ ፖ-ሊ-[ቲ]፣ አ-[ቪስ] ትላለች፤ ማን ነው የተሳሳተው?» ማንም! በምሥራቅ ኖርዌይና በትሮንዴላግ አነጋገር፣ የኦስሎ ምሥራቅ ሰፈሮችንም ጨምሮ፣ ብዙውን እንግዳ ቃል እንደ አገር ልጅ ጫናውን ፊቱ ላይ የሚያሳርፍ ልማድ አለ። ሰፈሩን የሚያሳውቅ አነጋገር ነው። ለፈተና ግን ፖ-ሊ-[ቲ] በሉ። ጎረቤታችሁንም አታርሙት፤ ቋንቋው የእሱ ነው።

እስከ አሁን ፊቱን አየን። ጅራቱም አለ። ከጀርመን የመጡ አንዳንድ ጅራቶች ጫና ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ዋናው «ኤረ» ነው፣ የጀርመን «ኢረን»፦ ስቱ-[ዴ]-ረ፣ መማር። ፓር-[ኬ]-ረ፣ መኪና ማቆም። ስፓ-[ሴ]-ረ፣ በእግር መንሸራሸር። ባር-[ቤ]-ረ፣ መላጨት። ፊደላችን እንዴት እንደሚያግዘን ተመልከቱ፤ በእነሱ አጻጻፍ ሁለቱም አንድ አናባቢ ናቸው፤ እኛ ግን «ዴ» እና «ረ» ብለን እንለያቸዋለን፤ የመጀመሪያው ሙሉ፣ ሁለተኛው ፈዛዛ። በላቲኑ ከምትጽፉት በግዕዙ ብትጽፉት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ አድርጉት፣ አትፈሩ።

ግን በ«ኤረ» የጨረሰ ሁሉ ግስ እንዳይመስላችሁ። [ፊ]-ነ-ረ፣ የበለጠ ቆንጆ፣ ማወዳደሪያ ነው፣ ጫናው ፊቱ ላይ። ደግሞ ዳቦ ጋጋሪውን እዩት፦ [ባ]-ከር አንድ ጋጋሪ፣ [ባ]-ከ-ረ ጋጋሪዎች፣ ባ-ከ-[ሪ] ዳቦ ቤቱ። ሰውየው ፊቱ ላይ፣ ቤቱ ጅራቱ ላይ። «ሪ» የምትባለው ጅራት ከጀርመን ናት፤ የትም ብትገባ ጫናውን ወደ መጨረሻው ትወስዳለች። ሴት ጓደኛ፣ ቬ-[ኒን]-ነ፣ እንደዚያው ነው። የዛሬው ጀርመን [ፍሮይን]-ዲን ብሎ ፊቱ ላይ ሲያስቀምጠው ኖርዌይኛ ጅራቱ ላይ አቆየው።

ሦስተኛው ነጥብ፦ እኛ የት እንሰብረዋለን? አራት ቦታ።

የመጀመሪያው ከአማርኛ ጸባይ ነው። አማርኛ ቀለሞቹን በእኩል ክብደት ያስኬዳቸዋል። ቤታሌ፣ ጌቢር ስንል ሁሉም እኩል ነው፣ እንደ ሰልፍ። የኖርዌይ ጆሮ ግን አንዱን ትልቅ ቀለም ነው የሚፈልገው፤ ካላገኘው የሚይዘው የመጀመሪያውን ነው፤ ልማዱ ነዋ! ስለዚህ «ቤ-ታ-ሌ» ስትሉ «ቤ» ብቻውን ቃል ይሆንበታል፤ መለመን፣ መጸለይ ማለት ነው። ከዚያ «ታለ» ሲከተል ንግግር ይሆንበታል። እናንተ ልትከፍሉ መጥታችኋል፣ እሱ ጸሎትና ንግግር እየሰማ ነው።

መድኃኒቱ «ቤ»ን ወደ «በ» ማውረድ ነው። ይህን ስታደርጉ ጫናው ግማሹ ራሱን ያስተካክላል። ኖርዌይኛ ለማያውቅ ፈረንጅ ይህች ፈዛዛ አናባቢ ትከብደዋለች፤ ለእኛ የመጀመሪያዋ ፊደል ናት፣ ሀ ግዕዝ ብለን ስንጀምር ከ«ለ» አንሥቶ የምንላት። በነፃ የተሰጠችንን ለምን «ኤ» እያልን እናበላሻታለን?

ሁለተኛው ርዝመት ነው። ኖርዌይኛ ላይ ጫና ያረፈበት ቀለም የግድ ይረዝማል፤ ወይ አናባቢው ይረዝማል ወይ ተነባቢው ይጠብቃል። ሁለቱም አይሆንም፣ ከሁለቱ አንዱ ግን ግድ ነው። መጥበቅና መላላት ለእኛ ምን ይገደናል? ገና ልደትና ገና «እስካሁን» የሚለውን፣ «አለ» ተናገረና «አለ» ኖረን የምንለይ ሰዎች ነን፤ ያውም ሳይጻፍልን! እነሱ ተነባቢውን ደግመው ይጽፉላችኋል። ስለዚህ በ-[ስቴም]-መ፣ ፎ-[ቴል]-ለ ላይ አንሳሳትም። የምንሳሳተው በሌላው በኩል ነው፤ አናባቢ ማስረዘም አልለመድንም። «ታክ» ጣሪያ አናባቢው ይረዝማል፤ «ታክ» አመሰግናለሁ «ክ»ው ይጠብቃል። ሁለተኛውን እንላለን፣ የመጀመሪያውን ሳንጨርሰው እንቆርጠዋለን። በገቢርም እንዲሁ፤ «ቢ» ላይ ካልቆያችሁ ጫናው ጠፋ። ስንት ያህል ልቆይ? «ገ» የምትወስደውን ጊዜ ሁለት እጥፍ ስጡት፤ ሲበዛ ይሻላል፣ አያሳፍርም።

አናባቢው ራሱ «ኢ» አይደለም፤ ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ምላሳችሁን «ኢ» ላይ አድርጉ፣ አትንኩት፤ ከንፈራችሁን ብቻ እንደ ፉጨት ወደ ፊት አሹሉት። በሉ። (ታዳሚው ይሞክራል) ምላሳችሁ ወደ ኋላ ከሸሸ «ኡ» ሆነ፣ ጠፋ። እንደገና። እሺ፣ ደርሷል።

ሦስተኛው ሳድሳችን ነው። አማርኛ ሁለት ተነባቢ ቃል መነሻ ላይ ሲደራረብበት አይወድም፣ መካከሉ ላይ ትንሽ ሳድስ ያስገባል። ፎ-[ሽቶ] ላይ ተመልከቱ። እኛ የምንቀባው ሽቶ ሁለት ቀለም ነው፤ ሽ፣ ቶ። የእነሱ ሽቶ አንድ ነው፤ ሽና ት ተጣብቀው በአንድ ትንፋሽ። ሽቶ እንደተቀባችሁ አድርጋችሁ ካላችሁት ቃሉ ሦስት ቀለም ይሆናል፣ ጫናውም የት እንደሚያርፍ ይጠፋዋል። መልመጃው፦ ሽሽሽ ብላችሁ ሳታቋርጡ ወደ «ቶ» ግቡ። ትንፋሹ ከተቋረጠ ሳድስ ገብቷል። ይህ «ሽ» ደግሞ ከየት መጣ? ሲጻፍ «ርስ» ነው፤ በኦስሎና በምሥራቁ «ር» ከ«ስ» ጋር ስትገናኝ ይዋሐዳሉ። በርገን ብትሄዱ «ር» ከጉሮሮ ናት፣ አትዋሐድም፣ ፎር-[ስቶ] ይላሉ። ሁለቱም ልክ ነው፤ ጫናው ሁለቱም ጋ አንድ ነው።

አራተኛው የተገጣጠመ ቃል ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ የተማረ ሰውም ይወድቃል። ሂሳብ ሳትከፍሉ ስትቀሩ ማስታወሻ ይመጣል፣ በላዩ ላይ ተጨማሪ ክፍያ አለ። ስሙ ምንድን ነው? [ፑር]-ረ-ገ-ቢር። ጫናው የት ሄደ? ወደ ፊት! ሁለት ቃል ሲገጠም ዋናው ጫና የሚቀረው የመጀመሪያው ቃል ላይ ነው። «ቢር» አልሞተም፤ ሁለተኛ ደረጃ ጫና ይዞ ይቀራል፣ ርዝመቱም አለ፣ ግን ዙፋኑን ለቋል። «ገ» እንደ ወትሮዋ ትንሽ ናት። ስለዚህ ደረጃው፦ ፑር ትልቅ፣ ቢር መካከለኛ፣ ረ እና ገ ትናንሽ። በመስመር ጫፍ ስትቆርጡትም «ፑርረ» ካለ በኋላ ቁረጡት፤ ገቢርን አትክፈሉት።

እዚህ ላይ ተንኮል አለ። የመጀመሪያው ቃል ራሱ የጀርመን ቅጥያ ቢኖረውስ? በ-[ሃንድ]-ሊንግስ-ቲድ፣ ጉዳይ የሚታይበት ጊዜ፤ ስንቶቻችሁ ጠብቃችሁታል! «የመጀመሪያው ቃል ላይ» ማለት «የመጀመሪያው ቀለም ላይ» ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ቃል በራሱ ጫናው «ሃንድ» ላይ ነው፤ ስለዚህ ሲገጠምም እዚያው ነው። የመክፈያ ቀነ ገደብም በ-[ታ]-ሊንግስ-ፍሪስት ነው። «በ» በምንም መንገድ፣ ብትገጠምም ባትገጠምም፣ ጫና አትወስድም።

አሁን እንለማመድ። አሠራሩ ከኋላ ነው። ቃሉን ከፊቱ አትጀምሩ፤ ከፊቱ ከጀመራችሁ አፋችሁ «በ» ላይ ጉልበቱን ይጨርሳል። ጫና ያለበትን ቀለም ብቻ ሦስት ጊዜ በሉ፣ ጠረጴዛውን እየመታችሁ፦ ታ፣ ታ፣ ታ። ከዚያ የሚከተለውን ጨምሩ፦ ታ-ለ። መጨረሻ ላይ ቅጥያዋን ከፊት አስገቡ፣ ጠረጴዛውን ሳትመቱ፦ በ-[ታ]-ለ። እጃችሁ «በ» ላይ ከወረደ እንደገና ከ«ታ» ጀምሩ። አንድ ላይ! በ-[ታ]-ለ። እዚያ ጥግ ላይ ያሉት እናት፣ እጅዎ በትክክል ወረደ። እሰይ።

አሁን ቦርሳችሁን ክፈቱ። ከሳምንት በፊት የመጣ፣ ገና ያልከፈታችሁት ደብዳቤ የሌለው ሰው አለ? የለም፤ አውቃለሁ። አውጡት። ይዘቱን አናነብም፣ ጉዳዩ የራሳችሁ ነው። ርእሱ ላይ ያለውን ረጅም ቃል ብቻ ያዙ። አናባቢውን ቁጠሩ፤ መገጣጠሚያው የት እንደሆነ በእርሳስ ሰረዝ አድርጉ፤ የመጀመሪያው ቃል በ«በ»፣ በ«ገ» ወይም በ«ኤር» ቅጥያ ከጀመረ ያቺን ቀለም ክበቡባት፣ እጃችሁ እንዳይወርድባት። ሻይና ዳቦው እስኪቀርብ ድረስ በየወንበሩ እዞራለሁ፤ [ፑር]-ረ-ገ-ቢር የደረሳችሁ እጃችሁን አውጡ፣ ከእናንተ እጀምራለሁ።